ሶኬት ነቃይዋ አክስቴ

ሶኬት ነቃይ የሌለበት ቤት አለ የሚል ሰው ካለ፣ ወይ ቤቱን በደንብ አያውቀውም፣ ወይ ነቃዩ ራሱ ነው። እኔ እስከዛሬ በገባሁባቸው ቤቶች ሁሉ አንድ አንድ አይቻለሁ። አንዳንዱ ቤት አባወራው ነው፣ አንዳንዱ ቤት አከራይዋ ናት፣ አንድ ወዳጄ ቤት ደግሞ አማቱ ናቸው። ቤተሰቡ ለባብሶ፣ ወጥቶ፣ ደጅ ቆሞ እየጠበቀ፣ "አንዴ ቆዩኝ፣ መጣሁ" ብሎ ተመልሶ የሚገባው ሰው እሱ ነው። ምን ረስቶ ነው ብላችሁ አትጨነቁ። የረሳው ነገር የለም፤ ሳይነቅለው የወጣ ነገር ትዝ ብሎት ነው።

የእኛ ቤት ነቃይ አክስቴ ናት፣ የአባቴ ታናሽ እህት። ማዕረጓን አሟልቼ ልጥራት ካልኩ፣ ክብርት የሶኬቶች፣ የማከፋፈያዎችና የቻርጀሮች የበላይ ጠባቂ ናት። ሹመቱን ማንም አልሰጣትም፣ ሊሽራት የቻለም የለም። አባቴ ከታመመ ወዲህ ልታስታምመው ጓዟን ጠቅልላ እኛ ቤት ገብታለች፤ ስለዚህ የሥልጣኗ ዱላ በዋናነት የሚያርፈው የእኔ ዕቃዎች ላይ ነው።

ሰው ቤት ስትገባ አይታችኋት ቢሆን ኖሮ ወዲያው ትለዩዋት ነበር። አፏ "እንዴት ናችሁ፣ ሰላም ናችሁ፣ ልጆች አደጉልሽ?" ይላል፤ ዓይኗ ግን በግድግዳው ሥር ሥር እየሄደ ነው። ከሶፋው ጀርባ አንድ ገመድ ያያል። ሰላምታው ሳያልቅ ጎንበስ ትልና፣ "ይሄ ለማን ነው የተሰካው?" ትላለች። መልስ እየጠየቀች እንዳይመስላችሁ። እናንተ "እሱማ..." ብላችሁ አፋችሁን ስትከፍቱ ሶኬቱ እጇ ላይ ነው፣ ገመዱም በሥርዓት እየተጠቀለለ ነው።

ለቆጣሪ አስባ ነው የምትሉም ተሳስታችኋል። እሷ የምታዝነው ለዕቃው ነው። "ዕቃም እኮ ይደክመዋል" ትላለች፣ ቴሌቪዥኑን ጀርባውን መታ መታ እያደረገች። አንድ ጊዜ ለጥቂት ቀን ከቤት ርቀን ስንመለስ፣ ፍሪጁ በሩን በርግዶ፣ ገመዱ አናቱ ላይ ተጠቅልሎለት ቆሞ አገኘነው። ውስጡ ስለነበረው ሥጋ ባላወራ ይሻላል። እሷ ግን ቅር አላላትም፤ እኛ አርፈን እሱ ብቻውን ሲሠራ መክረሙ አግባብ አይደለም አለችን።

ኢንተርኔት የምናገኝባትን ትንሽ ሳጥንማ እንደ ልጅ ነው የምታስተኛት። "ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗን ስታርገበግብ ታድራለች፣ ትንሽ አታሳዝንህም?" ትለኛለች። የልብስ ማጠቢያውን መሀል ላይ ነቅላበት፣ ሸሚዞቼ በመስታወቱ እያዩኝ፣ በሩ ተቆልፎባቸው ውለዋል። ጎረቤታችን ቤት ደግሞ የተዋስነውን ወንፊት ልትመልስ ገብታ፣ የሠፈሩ ወንድ ሁሉ ተሰብስቦ ኳስ ሲያይ፣ ማከፋፈያውን በእጇ ዳሰስ አድርጋ "ሞቋል" አለችና ነቀለችው። የፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ነበር። ጎረቤታችን እስከዛሬ ይቅርታ እንዳደረገላት እርግጠኛ አይደለሁም።

የባሰው ክሊኒክ ውስጥ የሆነው ነው። አባቴን ይዘን ተራ ስንጠብቅ፣ ቁጥር የሚጠራውን ሰሌዳ አየችው። በሽተኛው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካል። "ማንም እያየው አይደለም፣ ለማን ነው የተሰካው?" አለችና ተነሥታ አሳረፈችው። ወዲያው ያ አንገቱን የደፋ ሰው በሙሉ ተነሥቶ በሩ ላይ ተጋፋ፤ ሁሉም ተራው የደረሰ መስሎታል። ካርድ ክፍሉ ውስጥ የነበረችው ልጅ ወጥታ ያለችንን አልደግመውም። ፀሐይ ሶኬት ቢኖራት ኖሮ ደመና በሆነ ቀን አክስቴ ነቅላ ታሳርፋት ነበር።

የሠፈሩ ሰው ለዚህ ጠባይዋ የየራሱ ማብራሪያ አለው። አንዱ ልጅ ሆና ኤሌክትሪክ ይዟት ነበር ይላል። ሌላው ቤት ሲቃጠል አይታለች ይላል። እኔም ነገሩ ውስጡ የሆነ ታሪክ ይኖረዋል ብዬ፣ አንድ ቀን ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ለማልቀስም ተዘጋጅቼ ጠየቅኳት። እንዴት እንዲህ ያለ ሞኝ ልጅ አሳደግን በሚል ዓይን አየችኝና፣ ካልሠራ ለምን ይሰካል አለችኝ። ታሪኩ ይኸው ነው።

በቤታችን ያልደፈረችው አንድ ሶኬት ብቻ ነበር። እሱም የአባቴ ነው።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። እቤቱ ካደረው መንገድ ያደረው ይበልጣል። ሳንባው ሲደክም ግን ሐኪሞቹ አልጋ አጠገብ የሚቆም የኦክስጅን ማሽን አዘዙለት። ማሽኑ ኮመዲኖ ያክላል፣ ሲሠራ ወፍጮ ቤት የገባችሁ ይመስላችኋል፣ ከግድግዳው ከተነቀለ ደግሞ ወዲያው ይቆማል። ከማሽኑ የሚወጣው ቀጭን ቱቦ አባቴን መታጠቢያ ቤት ያደርሰዋል፣ መስኮቱ ጋ ያደርሰዋል፣ ከዚያ አያልፍም። አገር ላገር ሲዞር የኖረ ሰው ዓለሙ የቱቦ ርዝመት ሆነ። መብራት ቢጠፋ ብለን አጠገቡ አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር አቁመንለታል፤ እሱን ደግሞ ተሸክሞ የሚሄድ ጎረምሳም አይገኝም።

ከመስኮታችን ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የወዳጁ የፀጉር አስተካካዩ ቤት አለ። ሁለቱ ለዓመታት እዚያ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው በጠርሙስ ቆርኪ ዳማ ተጫውተዋል። አባቴ በቱቦ ከታሰረ በኋላም ጨዋታው አልቀረም። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛ ሲጠፋ ሰሌዳውን ይዞ ወጥቶ ወደ መስኮታችን ያዘነብለዋል፤ አባቴ በጣቱ ምልክት ይሰጠዋል፣ ሰውዬው ይገፋለታል። ሰሌዳው ሲያዘነብል ቆርኪዎቹ እየተንሸራተቱ ይወድቃሉ። የሚወድቁት ሁልጊዜ የአባቴ ናቸው። ይሄ በድንገት የሚሆን ነገር እንዳልሆነ አባቴ በልቡ ያውቀዋል፤ ግን ተከራክሮ የሚያሸንፍበት ትንፋሽ የለውም።

"እዛ ቁጭ ብዬ፣ አንዴ ብቻ በገዛ እጄ ብገፋው" ይለኝ ነበር። ሌላ ነገር አይጠይቅም። ምግብ ይሄ ይሁንልኝ፣ አልጋው ይዙርልኝ አይልም። ስለዚህ ይሄ አንዱ ጥያቄው አጥንቴ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

እንጀራዬ ደግሞ፣ ይህን መጻፌን ትታችሁ፣ ከዚሁ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው። የምሠራው በአንዲት ትንሽ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ትከሻ ላይ የምትንጠለጠል፣ በባትሪ የምትሠራ የኦክስጅን ማሽን ስንሠራ ከርመናል፤ እኔ ውስጧ ያለውን ፕሮግራም እጽፋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች አልቀው፣ ካርቶን ገብተው፣ ወደ በሽተኞች ቤት ሊላኩ ሲሉ፣ አለቃችን አንዷን አንሥታ "ለአባትህ ውሰድለት፣ ቤት ውስጥ ሞክራት" አለችኝ። ሴትየዋ ቁጡ ናት፤ ይህን ያለችኝም በቁጣ ነው። እኔ ግን መንገዱን በሙሉ ማሽኗን ታቅፌ ሄድኩ።

አባቴ ማሽኗን ሲያያት ልክ አዲስ መኪና እንደተሰጠው ነበር ያደረገው፤ ዞሮ ዞሮ አያት፣ ማንገቻዋን ጎተተው፣ ድምፅዋን ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። የቤቱን ሰው ሰብስቤ ገለጻ ሰጠሁ። ይህች ከግድግዳ ስትሰካ ባትሪዋን ትሞላለች፣ ስትነቀል ከባትሪዋ ትሠራለች፣ ባትሪዋ ሊያልቅ ሲል ትጮኻለች አልኩ። ቅዳሜ ፀጉር አስተካካዩ ጋ እንሄዳለን ተባባልን። እስከዚያው ግን ሰክቻት ተውኳት፤ ለአባቴ የመጣ ነገር ሲሆን እጄ ይፈራል። አክስቴ ገለጻውን በጥሞና አዳምጣ ስታበቃ፣ ሶኬቷን አንዴ አየት አደረገቻት። ያ አስተያየት ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ወጥ ቤት ቆሜ ብርጭቆ አጥባለሁ። አባቴ በአዲሷ ማሽን እየተነፈሰ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። ከወዲያ ክፍል የአክስቴ ድምፅ መጣ፤ "ባትሪ አላት ከተባለ ታዲያ ይሄ ለማን ነው የተሰካው?" አለች።

ብርጭቆውን ጥዬ ስሮጥ፣ ሶኬቱ እጇ ላይ ነበር። ማሽኗ ትንሽ ጊዜ ሠራች፤ ልረጋጋ ስል ጸጥ አለች። ጩኸት የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። መስታወቷ ላይ "ባትሪ ሙሉ፣ ሁሉም ደህና" የሚል ጽሑፍ እንደበራ ቀርቷል። አባቴ ደረቱን ይዞ አየኝ። ከንፈሩ ሲለወጥ አየሁት።

እኔ፣ ማሽኗን የሠራሁት ሰው፣ ቁልፎቿን እየተጫንኩ ስንተፋተፍ፣ አክስቴ ሲሊንደሩን ከፍታ፣ ቱቦውን ቀይራ፣ አፍንጫው ላይ አድርጋለት "ቀስ ብለህ ሳብ ጋሼ፣ ቀስ" ትለው ነበር። ቀስ በቀስ ቀለሙ ተመለሰ። እሱ ሲመለስ የኔ ንዴት ወጣ። ሰው የሚተነፍስበት ነገር ይነቀላል ወይ አልኳት፣ ሌላም ብዙ አልኳት። ስጨርስ ሶኬቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ስትነቀል ትሠራለች ያልከው አንተ ነህ" አለችኝ። "እኔ ነቀልኩ። ዝም ያለችው እሷ ናት።"

አባቴ ቱቦው አፍንጫው ላይ እንዳለ እንደ መሳቅ አለ፤ ወዲያው ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከማዶ ፀጉር አስተካካዩ አግዳሚውን በጨርቅ እየወለወለ ነበር። ቅዳሜ እንደምንመጣ ነግረነዋል።

ማሽኗን አንጠልጥዬ ወደ ወርክሾፕ ሮጥኩ። አለቃችን ቅዳሜም ቢሆን አትጠፋም። የሆነውን ስነግራት መጀመሪያ አላመነችኝም፤ ሲነቀል የሚለውን ሙከራ ደጋግመን አልፈነዋል፣ ራሷ ቆማ አይታለች። እስቲ እንይ አለችና ማሽኗን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘናት። ማሽኗ ውስጧ የሚሆነውን የምትነግረን በዚህ ገመድ ነው። ከግድግዳው ነቀልናት። ፏ ብላ ሠራች። ሰካናት፣ ነቀልናት፣ አሁንም ሠራች። አለቃዬ በትዕግሥት አየችኝ። አክስትህ ሌላ ነገር ነክታ ይሆናል አለችኝ።

ተስፋ ቆርጬ የኮምፒውተሩን ገመድ አወጣሁና ማሽኗን ትከሻዬ ላይ አነገትኳት። ጸጥ አለች። መልሼ ገመዱን ስሰካው፣ ዳግም ከተነሣች በኋላ ከግድግዳው ብነቅላት ብሰካት ጨዋ ናት። እንግዳ ሲኖር ብቻ ሥርዓት የሚይዝ ልጅ ታውቁ የለም፣ ልክ እንደዚያ። ሁለታችንም ገመዱን አየነው። ከዚያ አለቃዬ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ገመዱ ወሬ ብቻ አይደለም የሚያመላልሰው፤ ከኮምፒውተሩ ትንሽ ኤሌክትሪክም ይዞ ይገባል። እኛ "ነቅለናታል" ብለን ስንሞክራት የከረምናት ማሽን አንድም ቀን ተነቅላ አታውቅም ነበር። በፊት በር ዘግተን በጓሮ በር ስናበላት ነው የከረምነው። ገመዱን ብናወጣው ደግሞ የምትለውን አንሰማም፤ ስለዚህ ማንም አውጥቶት አያውቅም። የማየት ፍላጎታችን ራሱ እንዳናይ አደረገን። እንዲህ ዓይነት ስሕተት የሚሠራው ሌላ ሰው አይደለም፤ እኛ ጠንቃቆች የምንባለው ብቻ ነን።

ከዚያ በኋላ የቀረው ግልጽ ነበር። በማሽኗ ሆድ ውስጥ ባትሪውን የምትሞላ አንዲት ጥፍር የምታክል ቺፕ አለች። የእኔ ፕሮግራም በየጊዜው "እየሞላሽ ነው?" ይላታል፣ እሷም "አዎ" ወይም "ሞልቷል" ትለዋለች። ይህች ቺፕ ግን የምትተዳደረው ከውጭ በሚመጣው ኤሌክትሪክ ነው፤ ሶኬቱ ሲነቀል ትተኛለች። ስትጠራ አትሰማም፣ አትመልስም። በሕግ ነው የተኛችው፤ የምትሞላው ነገር ከሌለ ምን ትሥራ? ጥፋቱ የኔ ፕሮግራም ነው። ከመጠን በላይ ጨዋ አድርጌ ነበር የጻፍኩት። ጥያቄ ከጠየቀ መልሱ እስኪመጣ ሌላ ምንም ሳይሠራ ቆሞ ይጠብቃል። የተኛችዋን ቺፕ "እየሞላሽ ነው?" ብሎ ጠይቆ፣ መልስ ሲጠብቅ፣ ማስጠንቀቂያውን ማስጮኽም፣ አየር መግፊያውን ማዘዝም ተወ። አየር መግፊያው ደግሞ ትዕዛዝ ካጣ ለደኅንነት ሲባል እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ነው። እናም ሙሉ ባትሪ የታቀፈች ማሽን፣ ከተኛ ሰው መልስ ስትጠብቅ፣ አባቴን ትንፋሽ ነሣችው።

አለቃዬ እጇን ከፊቷ ስታወርድ ግድግዳው ሥር የተደረደሩትን ካርቶኖች ነበር የምታየው። ሰኞ ሊወጡ ነበር። ከማናቸውም አጠገብ አክስቴ አትኖርም፣ የሁሉም ተቀባይ ቤትም ሲሊንደር የለም። ሰዎቹ በጎ ነገር መጣልን ብለው፣ ሰክተው ሞልተው፣ ደስ እያላቸው ነቅለው ደጅ ሊወጡ ነበር። ያን ያህል ቁጡ የሆነች ሴት ዓይን እንባ ሲሞላ አይቼ አላውቅም።

"አክስትህን" አለችኝ፣ "እግዜር ዕድሜ ይስጥልኝ።"

ፕሮግራሙን አስተካከልኩት። አሁን ባትሪ የምትሞላዋን ቺፕ ከመጠየቁ በፊት የውጭ ኤሌክትሪክ መኖሩን ያያል። ከሌለ ተኝታለች ማለት ነው፣ አይቀሰቅሳትም። ጠይቋት በዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ ውስጥ ካልመለሰች ደግሞ ዝም ማለቷን መልስ አድርጎ ይወስድና ወደ ሥራው ያልፋል። የባትሪውን መጠን የሚጠይቀው ሌላዋን ቺፕ ነው፤ እሷ ከራሱ ከባትሪው ስለምትቀለብ እንቅልፍ የላትም። ሥራው ያን ያህል አልከበደም። የከበደው፣ አለቃዬ "አሁን ማን ይሞክረው?" ስትል ሁለታችንም እርስ በርስ አለመተማመናችን ነው።

"ሴትየዋን አምጣት" አለችኝ።

አክስቴ ወርክሾፕ የገባችው የክት ነጠላዋን ለብሳ ነው። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ማሽኖቹ ሁሉ ከካርቶን ወጥተው፣ አዲሱ ፕሮግራም ተጭኖባቸው፣ ያለ ኮምፒውተር ገመድ ከግድግዳው ብቻ ተሰክተው፣ እያጓሩ ይጠብቋታል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሶኬት ነው። ማንም የማይቆጣት፣ እንዲያውም "ነቅይልን" ተብላ የተጋበዘችበት ቦታ በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። በሩ ላይ ቆማ አለቃዬን ሰላም አለቻት፣ ዓይኗ ግን ገና ከመግባቷ ጠረጴዛው ላይ ነበር። "ይሄ ሁሉ ለማን ነው?" አለች፣ በሚያሳዝን ድምፅ።

እኛ እንደሷ አንነቅልም። እኛ እየሰጋን፣ መብራቱን እያየን፣ ቀስ አድርገን ነው። እሷ አንዱን ላጥ፣ ሌላውን ላጥ ታደርጋለች፤ አንዱን ነቅላ ገመዱ ካልተጠቀለለ ብላ መልሳ ትመጣለች፣ አንዱን ግማሽ ነቅላ "ቆይ ነጠላዬን" ብላ ትተወዋለች፣ ሳይወጣ ሳይገባ እንዲንቀጠቀጥ። ለካ የሰው ቤት ሶኬት የሚነቀለው እንዲህ ነው። አንዳቸውም ጸጥ አላሉም። ሁሉም እያጓሩ ቀጠሉ። አክስቴ ግራ ገብቷት፣ ከነቀልኳቸው በኋላም አላረፉም እኮ ብላ ቅሬታዋን ለአለቃዬ አቀረበች። ጠረጴዛውን ስትጨርስ የሻይ ማፍያውንና የአለቃዬን ኮምፒውተር ጨምራ ነቀለች። አለቃዬ ያልተቀመጠ ሥራዋ ሁሉ ሲጠፋ እያየች አንዲት ቃል አልተናገረችም። ይህን እኔ ነኝ ምስክሩ።

በማግስቱ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ፣ አባቴ ሸሚዙን ለብሶ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ማሽኗ ትከሻው ላይ ናት፣ ገመዷ ግን ገና ከግድግዳው ጋር ነው። የቀረው መንቀል ብቻ ነው። እጄን ወደ ሶኬቱ ሰደድኩ። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፣ ያለ ኮምፒውተሩ ገመድ ስትሠራ በዓይኔ አይቻታለሁ። እጄ ግን ግድግዳው ላይ ደርሶ ቆመ። ከንፈሩ የተለወጠበት ቅዳሜ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

አባቴ ትንሽ አየኝና ወደ እህቱ ዞረ።

"እቴ፣ አንቺ ንቀይው" አላት።

አክስቴ ጎንበስ አለችና ነቀለችው። እንደ ስልክ ቻርጀር፣ እንደ ቴሌቪዥን፣ እንደ ማንኛውም ነገር። ሦስታችንም አዳመጥን። ማሽኗ ማጓራቷን ቀጠለች። አባቴ አንድ ጊዜ በረጅሙ ሳበ፣ ቆየ፣ ለቀቀው።

"ሠራ?" አለ።

"እኔ ምን አውቄ ጋሼ" አለች አክስቴ፣ ገመዱን እየጠቀለለች። "የምትተነፍሰው አንተ ነህ።"

መንገዱን ስንሻገር እሷ ክንዱን ይዛዋለች። እኔ ከኋላቸው ያንን ከባድ ሲሊንደር በጋሪ እየጎተትኩ ነው፤ የራሴን ሥራ እኔ ካላመንኩት ሌላ ማን ይመነው ብላችሁ አትሳቁብኝ። አባቴ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ደርሶ ቆመና፣ በሹፌር ዓይን ግራና ቀኝ አይቶ ተሻገረ። የቱቦውን መጨረሻ ካለፈ ቆየ። ወደኋላ አልዞረም። እኔ ግን ከኋላው ሆኜ፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ እየተንሸራተተ የምትሄደውን ይህችን ሴት እያየሁ፣ ፍሪጄንም፣ ሸሚዞቼንም፣ ያን ሁሉ ሥጋም በልቤ ምሕረት አደረግኩላት። እንዲያውም ምሕረት የሚለው ቃል የኔ ድፍረት ነው። አመሰግናታለሁ ነው የሚባለው።

ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ፀጉሩን ላጭቶ ትቶት ወጣ። "ሹፌሩ መጣ!" ብሎ አቀፈው፣ አግዳሚው ላይ አስቀመጠው፣ ሰሌዳውን ዘረጋለት። ከዚያ የማሽኗ ገመድ ተጠቅልሎ አክስቴ እጅ ላይ መሆኑን ሲያይ ደነገጠ። ሮጦ ገብቶ የፀጉር መቁረጫውን ከግድግዳው ነቅሎ፣ ያለችውን አንድ ሶኬት ነጻ አውጥቶ፣ ማከፋፈያ እየጎተተ ተመለሰ። "ይሰካ፣ ይሰካ፣ እዚህ ቤት ለሱ የሚነፈግ ነገር የለም" አለ፣ እያለከለከ። ከውስጥ ግማሽ ራሱ የተላጨው ደንበኛ ይጣራል።

አክስቴ ገመዱን ከጀርባዋ ደበቀችው።

"ተወው ወንድሜ" አለችው። "ከሶኬት ሸሽቶ ነው እዚህ የመጣው።"

አባቴ አንገቱን ደፍቶ ሰሌዳውን ሲያጠና ቆየ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ቆርኪውን ገፋ።